የስኳር ቀሚስ

ሰኞ፣ 4

የመንትዮቹ እናት ዛሬ ደወለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ልደታቸው ነው። "ሁለት ልዕልት፣ ሁለት ቀሚስ፣ አንዷ ከአንዷ እንዳትበልጥ። ከበለጠች ቤቴ ይፈርሳል" አለችኝ። ሳቅሁ፤ እሺ አልኩ። ልዕልቶቹ ኬኩ መሃል የሚቆሙ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ቀሚሳቸው ራሱ ኬኩ ነው። ዝናቡ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ዝናብ ለዚህ ሥራ ጠላት ነው። ኬኩን የምናለብስበት የስኳር ሊጥ፣ ፎንዳንቱ፣ እርጥበት ካገኘው ያልበዋል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው የቀሚስ እጥፋት ጠዋት ተዝለፍልፎ ይገኛል። በደረቁ ወራት ወዲያው የሚጠነክረው አሁን ሌሊቱን ሙሉ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። የሚይዘው ደግሞ የእማዬ ስፒል ነው።

ለማንም የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው። ሰው ሁሉ "እጅሽ ይባረክ" የሚልባቸውን ቀሚሶች የምሠራው እኔ አይደለሁም። እኔ ኬኩን እጋግራለሁ፣ ክሬም እቀባለሁ፣ ፎንዳንቱን በመዳመጫ አሳሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእማዬ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስኳሩን ሊጥ እንደ ጨርቅ ታጥፈዋለች፣ ትሸነሽነዋለች፣ ወገቡ ላይ ትሰበስበዋለች። እስኪደርቅም በስፒል ትይዘዋለች፤ ጫፋቸው ላይ ነጭ ዶቃ ባለባቸው በድሮዎቹ የልብስ ስፒሎቿ። ሲደርቅ አንድ በአንድ ነቅላ ስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ትመልሳቸዋለች። ስትሠራ የምትይዛቸው ግን በከንፈሯ ነው። ሌላ ቦታ አታውቅም።

ፎቶ ሳነሳ እጇ እንዳይገባ ገለል አደርጋታለሁ። "ሰው ከገባበት ኬኩ አይታይም" አልኳት አንድ ቀን። አመነችኝ።

ረቡዕ፣ 6

በችኮላ ነው፤ ኦቨን ውስጥ ኬክ አለኝ።

ኮማንደሯ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ባለቤቴ ነው። "እሷ ስትገባ ወንበሮቹ ራሳቸው ይሰለፋሉ" ይላል። እማዬን ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስታገኛት ፊቷ ልውጥ አለ።

"እማዬ! አውጪው እሱን ከአፍሽ!"

"እህህ" አለች እማዬ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ። ይህን ድምፅ እናውቀዋለን። እኔንም እህቴንም የተቆጣችንም የመረቀችንም በዚያ ድምፅ ነው። ስፒል በአፏ ይዛ ስትቆጣን አንዲት ወድቃ አታውቅም።

ኮማንደሯ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደር ጎተተችኝ። "ባለፈው በር ከፍታልኝ ማን ልበል አለችኝ። እኔን! የወለደችኝን ልጇን! አንቺ ደግሞ ስፒል አስይዘሽ የሰው ልጅ የሚበላውን ኬክ ታሠሪያታለሽ።"

"እማዬ ስፒል ጥላ አታውቅም።"

"ድሮ ነዋ!"

"አሁንም።"

"እሺ፤ አንዲት ስፒል ብትጠፋ፣ አንዲት ብቻ፣ በዚያው ቀን እኔ ቤት ነው የምትገባው። ኬክሽንም ራስሽ ሥሪው።"

የመጨረሻዋን ቃል ባትናገራት ምን ነበረበት።

ረቡዕ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህቴ ቤት ስትሄድ እማዬ ምን እንደምትሆን አይቼዋለሁ። ቴሌቪዥን ፊት ያስቀምጧታል፣ ጭኗ ላይ ፎጣ ያነጥፉላታል፣ ማንኪያ ያቀብሏታል። ባለፈው እዚያ የሰነበተች ጊዜ እጇ ሥራ ፈቶ የሶፋውን ክር ስትመዝ ስትመዝ አንዱን ጎን ባዶ አስቀረችው። እኔ ቤት ግን ሰው ናት። ጠዋት ተነስታ "ዛሬ ማንን ነው የምናለብሰው?" ትለኛለች። ከዚህ አውጥቼ ልሰጣት ነው?

ደግሞ ሐቁን ልናገር ካልኩ፣ የመንትዮቹን ቀሚስ ያለ እሷ አልችለውም። ሁለቱም ምክንያቶች እውነት ናቸው። የትኛው እንደሚበልጥ ግን አልመዝንም።

ቅዳሜ፣ 9

ዛሬ ሳቅን። ለአንድ ጎረምሳ የኳስ ኬክ ነበረን፤ ስፒልም ቀሚስም የማይፈልግ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ለአፍታ ወደ ሱቅ ወጥቼ ስመለስ እማዬ ለኳሱ ጥልፍ ያለው ኮሌታ አድርጋለታለች። ኮሌታ! ነጭ፣ ስስ፣ ዙሪያውን የተሸነሸነ።

"አንገቱ ባዶ ሆኖ በረደው" አለችኝ።

አባትየው ሊወስድ ሲመጣ አንዴ ኳሱን አየ፣ አንዴ እኔን አየ፤ ከዚያ ሳቁ መጣበት። "ይሄማ የሙሽራ ኳስ ነው! ግድ የለም፣ ልጄ ቀልድ ይወዳል" አለ። እኔም ሆን ብዬ ያደረግሁት አስመሰልኩ። "ትንሽ ለየት እንዲል ብዬ ነው" አልኩት። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ሰምታኛለች። 

ማክሰኞ፣ 12

የደንበኛችን የጥርስ ሐኪሟ ልጅ የቀሚስ ኬክ። ለቅዳሜ የሚደርስ ነው፤ ለመንትዮቹም ልምምድ ይሆነናል ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ የወገቡ እጥፋት መንሸራተት ጀመረ። ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። እማዬ ጎንበስ ብላ ከታች እየሰካች ነበር፤ እኔ ከላይ ሊጡ ሲሄድ አየሁትና "እማዬ! እጥፋቱ!" ብዬ ጮህኩ። ቤቱ እስኪያስተጋባ ነው የጮህኩት። ደንግጣ ቀና ስትል ትን አላት።

ሳሏ አልቆም አለ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ፊቷ ደም መሰለ። ጀርባዋን መታሁላት፣ ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች፣ እንደገና ሳለች፣ እንደገና ጠጣች። ቀስ እያለ ቆመላት። ከንፈሯ ላይ ምንም አልነበረም፤ ስፒሎቹን ቀድማ ሰክታ ጨርሳለች ማለት ነው።

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ልትነግረኝ አፏን ከፈተች። ጠበቅኳት። ዓይኗ ጣሪያውን ፈለገ፣ ግድግዳውን ፈለገ።

"ምን ልል ነበር?" አለችኝ።

"ምንም እማዬ። ትን ብሎሽ ነው።"

እጥፋቱን አዳንነው። ሲያልቅ የሚያምር ነበር፤ ሰው ሁሉ ሊለብሰው የሚመኘው ዓይነት። መጮሄ ግን ቆጨኝ። ማታ እግሯን አጠብኩላት።

ዓርብ፣ 15

እማዬ አኩርፋኛለች። ከማክሰኞ ወዲህ ምግብ አልነካ አለች። እንቁላል ጠበስኩላት፣ አንዴ ጎርሳ መለሰችው። ሩዝ ብላት ፊቷን አዞረች። ሻይና ሾርባ ብቻ፤ እሱንም እያቆመች እያቆመች፣ ዓይኗን ጨፍና።

"ስለጮህኩብሽ ነው አይደል?" አልኳት።

"ማን ጮኸ?" አለችኝ።

ኩርፊያዋን አውቀዋለሁ። ድሮም አባቴ ክፉ ሲናገራት ሳምንት ሙሉ ማዕድ አትቀርብም ነበር። ይለፍላት ብዬ ተውኳት። ምሳ ስለማትቀመጥ ሥራው ቶሎ አለቀልን፤ ስፒሎቹን ነቅላ፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ በጊዜ ጨረስን። ነገ ይወሰዳል።

ሰኞ፣ 18

ትራሱ ሳስቷል። የስፒሉ ትራስ።

ዛሬ ጠረጴዛ ሳጸዳ አነሳሁትና ዝም ብዬ አየሁት። እንዲህ ሰፋ ሰፋ ብለው የተሰኩ አልነበሩም። አዎ፣ እማዬ አንዳንዴ ሌላ ጨርቅ ላይ ትተዋቸዋለች። አዎ፣ ድሮም ጢም ብሎ የሞላ አልነበረም። ግን ሌሎቹ የት ሄዱ?

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ ኬክ ቅዳሜ ተበልቷል። ወገቡ ላይ ነጭ የስኳር ዶቃዎች ደርድረን ነበር። ስፒሎቹም ጫፋቸው ነጭ ዶቃ ነው። ከአንድ ክንድ ርቀት እኔ ራሴ አልለያቸውም፤ ልጅ ይለያቸዋል?

ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት ነቅዬ ምንጣፉን፣ የወንበሩን ሥር፣ የኦቨኑን ኋላ ሁሉ ጠረግሁ። አንዲት ምንጣፉ ጫፍ ሥር ተገኘች። ስሜያት ነበር ማለት ይቻላል። ሌላ ግን አልተገኘም።

ለጥርስ ሐኪሟ ደወልኩ። "ኬኩ እንዴት ነበር ብዬ ነው" አልኳት።

"ውይ! ልጆቹ ተጣሉበት እኮ። ፍርፋሪ አልቀረም።"

"ሁሉም ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፤ ምነው?"

"እንዲያው ስኳር ይበዛባቸዋል ብዬ" አልኳት።

ዘጋሁት።  ልጆቹ ደህና ናቸው። ግን ከአሁን በኋላ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያው ነው፤ አንድ ትንሽ ጉሮሮ፣ በውስጡ ነጭ ዶቃ። ለኮማንደሯ አንዲት ቃል አልተነፍስም።

ሐሙስ፣ 21

ባለቤቴ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ ሆን ብዬ አልነበረም። "እኔም አይቻለሁ... አዎ፣ ቀጥናለች... እሷ ኩርፊያ ነው ትላለች... እሺ፣ እነግራታለሁ።" ከማን ጋር እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለገኝም። ወታደር ከኮማንደሩ ጋር ሲያወራ ያስታውቃል።

እራት ላይ፣ "እናትሽን ሐኪም ቢያያትስ?" አለኝ።

"የመንትዮቹ ልደት ይለፍና እወስዳታለሁ።"

"መንትዮቹ ምን አገባቸው?"

ሳህኑን አነሳሁ። ሆድ ባሰኝ እንጂ ነገሩ ገብቶኛል። አሁን ሐኪም ቤት ብንሄድ እህቴ ትሰማለች፤ ከሰማች "ደከመች፣ በቃት" ብላ ከዚያው ከሐኪም ቤቱ በር ትወስዳታለች። ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የቀረው።

ደስ የሚል ነገር ግን ተገኘ። እማዬ መስታወት ፊት ቆማ "ይሄ ቀሚስ የኔ አይደለም፣ ሰፋኝ" ብላ ጎንና ጎኑን በስፒል ይዛዋለች። በገዛ ስፒሏ! ለካ እዚያ ነበሩ! አቅፌ ሳምኳት። አጥንቷ ክንዴን ቆረቆረኝ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ትራሱ ላይ መለስኩ፤ ትራሱ ትንሽ ሞላ ያለ መሰለኝ። መሰለኝ ብቻ።

ቅዳሜ፣ 23

ጠዋት የእማዬን አልጋ ሳነጥፍ የራስ ትራሷ ላይ የደም ጠብታ አየሁ፤ ትንሽ፣ የደረቀ። ጣቷን ስፒል ወግቷት ነው። አሥሩንም ጣቶቿን ገልብጬ አየሁ፤ የተወጋ አላገኘሁም። አሮጌ ቁስል ይሆናል። የትራሱን ልብስ ዘፈዘፍኩት።

ዛሬ የመንትዮቹን ኬክ ጀመርን። የመጀመሪያውን ቀለም ስቀላቅል ሮዙ ጠቆረብኝ፤ ጣልኩት። እንደገና። እጄ ሰሞኑን ልክ አይደለም።

እሑድ፣ 24

ኮማንደሯ ለጥየቃ መጣች። ከመምጣቷ በፊት ለእማዬ ጉንጯን በትንሹ ቀለም ቀባሁላት። የኬኩን አይደለም፤ የኔን። ለምን እንደቀባኋት ራሴን አልጠየቅሁም። እህቴ ሾርባውን በማንኪያ ልታበላት ስትሞክር እማዬ ማንኪያውን በእጇ መለሰችው።

"እዚህ ጋ ይይዘኛል" አለች፤ ደረቷን እየነካች።

"ምኑ ነው የሚይዝሽ እማዬ?"

"እኔ ምን አውቄ። ይይዘኛል።"

እህቴ አየችኝ። "ጎንበስ ብላ ስለምትውል ነው፣ ጀርባዋን ነው" አልኩኝ ቶሎ። "ከፍ ያለ ወንበር ገዝቼላታለሁ።" ወንበሩን አሳየኋት።  ኮማንደሯ ዝም ስትል አልወድም።

ማክሰኞ፣ 26

አጭር።

ሁለቱ አሻንጉሊቶች ኬኩ መሃል ቆመዋል። የአንደኛዋ ቀሚስ አለቀ። እማዬ ቀስ ብላለች፤ ሁለት እጥፋት ሠርታ ጠረጴዛው ላይ ትደገፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። እጇ ግን ያው እጅ ነው። አንዳች አይስትም። ግንባሯ ይሞቃል። ኦቨኑ አጠገብ ስለምትቆም ነው።

ስፒሎቹን ከአፏ አውጥቼ ሳህን ላይ አስቀመጥኩላት። "ከዚህ አንሺ እማዬ።" እሺ አለች። ጀርባዬን ስሰጥ ከንፈሯ ላይ ናቸው።

ሐሙስ፣ 28

ትራሱን እንደገና አየሁት። አሁን ብዙዎቹ ቀሚሶቹ ላይ ስለሆኑ ምንም አይነግረኝም። ይህን እያወቅሁ ደጋግሜ አየዋለሁ።

የመንትዮቹ እናት ፎቶ ላኪልኝ ብላ ላክሁላት። ድምፅ መልእክት መለሰችልኝ፤ ልጆቹ ከኋላ ሲጮኹ ይሰማል። "አለቀስኩ! እጅሽን ለብቻው ልሳመው!" ትላለች። ለእማዬ አሰማኋት። "ማን ናት ሙሽራዋ?" አለች። ከዚያ፣ "ስትለካው ትንፋሿን እንዳትይዝ ንገሪያት" አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥኗል። ሳቅሁና ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ድካም ነው።

ዓርብ፣ 29

አለቀ። ደረቀ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሜትር ብትለካቸው አይበላለጡም።

ስፒል የሚነቀልበት ሰዓት ላይ ቆሜ ላያት ነበር። ልክ ያኔ ባለቤቴ የኬኩን ካርቶን ይዞ መጣና ልኩ አልገጥም ብሎ ስንታገል ጊዜ ሄደ። ስመለስ እማዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተጣምረዋል፤ ቀሚሶቹ ላይ የሚታየው የስኳር ዶቃ ብቻ ነው።

"ሁሉንም ነቀልሽ?"

"ነቀልኩ።"

"ሁሉንም እማዬ? እርግጠኛ ነሽ?"

"አንቺ ልጅ፣ ለሰው ልብስ ከነስፒሉ ሰጥቼ አውቃለሁ?"

ይህን ስትል እንደ ድሮዋ ነበረች። ዶቃዎቹን በጥፍሬ አንድ በአንድ ነካካሁ፤ ሁለቱ ተፈረፈሩብኝና አቆምኩ። ከዚያ በላይ ብነካካ ቀሚሱ ይበላሻል። ትራሱ አሁንም አልሞላም። ዛሬ ሁሉም ተመልሰዋል፤ ግን አልሞላም።

ሾርባውን ሳትጠጣ ተኛች።

ቅዳሜ፣ 30

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት ባለቤቴ ኬኩን አድርሶ ተመለሰ። "ሴትየዋ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ አሳየች" አለኝ እየሳቀ። እኔ ትራሱን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የዛሬ ወር የነበረበትን ላስታውስ ስሞክር፣ መሃሉ ጨርቁ አይታይም ነበር፤ አሁን ይታያል። ስፒሎቹ የሆነ ቦታ ናቸው። የትም የሉም፤ እንግዲያው ኬኩ ውስጥ ናቸው። ያ ትንሽ ጉሮሮ መጣብኝ። እማዬ "ልጄ፣ ልጄ" ብላ ከክፍሏ ጠራችኝ። "መጣሁ እማዬ፣ አንዴ ቆይኝ" ብያት ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላስር ወጣሁ።

ታክሲው ቆሞ ቆሞ ደረሰ። ቤቱ በፊኛ ተሞልቷል። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው ይዘፍናሉ፤ ሻማው በርቷል፤ መንትዮቹ አንዷ አንዱን ሌላዋ ሌላውን ቢላዋ ይዘዋል። "ቁሙ!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ሰው ገፍቼ ገባሁና ሁለት እጄን ቀሚሱ ውስጥ ከተትኩ።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ከዚያ አንደኛዋ ልጅ ጮኸች፣ ሌላዋ ተከተለች። እኔ ግን አልቆምኩም። ሽንሽኑን ቀደድኩ፣ ወገቡን ፈታሁ፣ ኬኩን በጣቶቼ ፈረፈርኩ፣ ከኪሴ ማግኔቱን አውጥቼ ፍርፋሪው ላይ አዟዟርኩ። እናትየው ትከሻዬን ይዛ "ምን ሆነሻል? አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?" ትላለች። አባትየው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። የእማዬ የሳምንት ሥራ ክርኔ ድረስ ተለጥፎብኛል።

ምንም የለም። አንዲት ስፒል የለም። ሁለቱንም አፈረስኩ፤ የለም።

"ስኳሩ ተበላሽቶ ነው፣ ልጆቹን እንዳያማቸው ብዬ ነው" አልኳት። እንዳላመነችኝ ከዓይኗ አየሁ። "ውጪልኝ ከቤቴ" አለችኝ በቀስታ። ከዚህ በኋላ ኬክ የሚያዘኝ ሰው አይኖርም፤ አውቃለሁ።

ይገርማል፤ መንገድ ላይ ደስ አለኝ። እጄ በሮዝ ስኳር እንደተለወሰ፣ ሰው እያየኝ፣ ደስ አለኝ። ኬኩ ውስጥ የለም! የማንም ልጅ ጉሮሮ ውስጥ የለም! እማዬ ስፒል ጥላ አታውቅም! ይህን ለኮማንደሯ ፊት ለፊት እነግራታለሁ እያልኩ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ።

በሩ ክፍት ነበር። ኮማንደሯ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣለች፤ እማዬን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ባለቤቴ ለአምቡላንስ በስልክ አድራሻ እየነገረ። የእማዬ አገጭና የቀሚሷ ደረት ደም ነው።

"የት ነበርሽ?" አለችኝ እህቴ። እጄን አየችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

እሑድ፣ 1

የሐኪም ቤቱ ኮሪደር። እህቴ አጠገቤ ናት። እማዬ ቀዶ ጥገና ከገባች ቆየች።

ራጁን አሳይተውናል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሕትና ያለው ልጅ። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰክቶ፣ "ይሄ የልብስ ቁልፍ ይሆን? ልብሳቸው ሁሉ ወልቆ ነበር እኮ" አለን። የእማዬን የጎድን አጥንቶች አየሁ። ከመሃላቸው፣ ደረቷ ላይ፣ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተሻግረዋል፤ በየአንዳንዳቸው ጫፍ ክብ ነገር አለ። አንደኛዋ የምግብ ቧንቧውን በስታ ወጥታለች።

ቁልፍ አይደለም አልኩት። ስፒል ነው። ልብስ ሰፊ ናት፣ በአፏ ትይዛለች።

በሰው ልጅ ሁሉ ጉሮሮ ውስጥ ፈልጌያቸው ነበር። ምንጣፍ ሥር፣ ኦቨን ኋላ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ። አጠገቤ ተቀምጣ "እዚህ ጋ ይይዘኛል" ስትለኝ ግን ወንበር ገዛሁላት።

ሐኪሙ ቁስሉ እንደመገለ፣ ብዙ ተስፋ እንዳናደርግ ነገረን። ቃሉን እየመረጠ ነው የነገረን። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ።

"እናታችሁ ምግብ ማቆም የጀመሩት መቼ ነው?"

እህቴ ወደኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ትን ካላት ቀን ጀምሮ ነው" አልኩት። "ከዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ። ስትሠራ እኔ ጮህኩባት፤ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ አልበላችም።"

ጻፈ። ቀና አለ። ሊወቅሰኝ ብሎ አልመሰለኝም፤ ማወቅ ብቻ ፈልጎ ነው።

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አላመጣችኋቸውም?"

ብዙ መልስ ነበረኝ። ኩርፊያ መስሎኝ፣ ጀርባዋ መስሎኝ፣ እህቴ ትወስድብኛለች ብዬ። ሁሉንም ለራሴ ስነግር ከርሜአለሁ። አሁን ግን አፌ ላይ የመጣው አንዱ ብቻ ነው።

"ሥራ ነበረን" አልኩት።